በጦርነት ዘመን ስለ ተጋዙት የኢጣልያ መጻተኞችና ስለ መመለሳቸው

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ማንበብ ለሚችሉ ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

1. የትምህርቱ ምክንያት



በሁለት መንግሥታት መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ የአንደኛው አገር ተወላጅ ሆኖ በሁለተኛው አገር ተቀምጦ የሚሠራ፥ ቤት ያቆመ፥ ልጅ የሚያሳድግ መጻተኛ ምን ይሆናል? የተወለደበት አገር ብቻ ተቈጥሮበት እንደ ጠላት ይታሰራልን? ወይስ የገዛ ሥራው ተመርምሮ እንደ ሥራው ይፈረዳልን?

ይህ ጥያቄ ለነገሥታትና ለሚኒስትሮች ብቻ የቀረበ አይደለም። ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ወረዳ መጥቶ የተቀመጠ ሰው ባለበት መንደር ሁሉ፥ ከወገኖቹ አንዱ ክፉ በሠራ ቀን፥ ይኸው ጥያቄ በሽማግሌዎች ፊት ይቆማል። በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥም ልጆች አንዱን ባልንጀራቸውን «የእነ እገሌ ወገን» ብለው ከጨዋታ ሲያወጡት፥ ጥያቄው በመምህሩ ፊት ቆሞአል ማለት ነው። ስለዚህ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አገር ይኖሩ በነበሩት የኢጣልያ ተወላጆች ላይ የደረሰውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጽፈን ለትምህርት አቅርበነዋል።

አንባቢ «ኢጣልያ በአገራችን ያን ያህል ግፍ ከሠራች በኋላ፥ የኢጣልያ ሰው ቢጋዝ እኛን ምን አገባን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ጥያቄው የሚገባ ነው። መልሱን በትምህርቱ ፍጻሜ እንሰጣለን። እስከዚያ ድረስ ግን ነገሩን በትዕግሥት እንዲሰማ እንለምነዋለን።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን በኤውሮጳ አቈጣጠር ነው፤ ለታላላቆቹ ቀኖች ግን የኢትዮጵያን አቈጣጠር ጨምረናል።

2. መጻተኞቹ እነማን ነበሩ?

ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ብዙ የኢጣልያ ድኾች ከተራራማ መንደሮቻቸው እየተነሡ ወደ እንግሊዝ አገር ይሰደዱ ነበር። የሚያርሱት መሬት ጠባብና ድንጋያማ ስለ ነበረ ለልጅ ሁሉ አይበቃም ነበርና። በፓርማ አውራጃ ካለችው ከባርዲ የተነሡት ብዙዎቹ ወደ ዌልስ የድንጋይ ከሰል መቈፈሪያ ከተሞች ሄዱ። በሉካ አውራጃ ካለችው ከባርጋ የተነሡት ወደ ግላስጎው፥ ከሮማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ካሉት ተራሮች የተነሡት ደግሞ ወደ ኤዲንበርግና ወደ ለንደን ሄዱ።

የመጀመሪያዎቹ በየመንገዱ ሙዚቃ እያሰሙ ይለምኑ፥ ወይም አይስክሬም በጋሪ እየገፉ ይሸጡ ነበር። በኋላ ግን ሳንቲም በሳንቲም ላይ እያስቀመጡ፥ አንዱ ሌላውን ዘመዱን እያስመጣ፥ ቡና ቤትና የተጠበሰ ዓሣ ከድንች ጋር የሚሸጥበት ሱቅ ከፈቱ። ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት ይሠሩ ስለ ነበር በሰፈራቸው የታወቁና የተወደዱ ነበሩ። ልጆቻቸውም ከእንግሊዝ ልጆች ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ተማሩ። ጦርነቱ ሊነሣ ሲል በብሪታንያ ይኖሩ የነበሩት ኢጣልያውያን ወደ 18,000 ገደማ ይሆኑ ነበር።

ከእነዚህ አንዱ ቻርልስ ፎርቴ ነው። በ1908 በኢጣልያ በካሳላቲኮ አጠገብ ሞርታሌ በሚባል ትንሽ መንደር ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ቡና ቤት ወደ ከፈተበት ወደ ስኮትላንድ፥ አሎአ ወደምትባል ከተማ ተወሰደ። በ1935 በለንደን ከተማ በሬጀንት መንገድ የወተት መጠጫ ቤት አቆመ። ይህን ሰው አስታውሱት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሙሶሊኒ በ1922 ሥልጣን ከያዘ በኋላ፥ «ፋሾ» የሚባሉ የፋሽስት ማኅበሮች በውጭ አገር በሚኖሩት ኢጣልያውያን መካከልም ተቋቋሙ። ወደ ማኅበሩ የገባው ሁሉ ግን በአንድ ልብ አልገባም። ሙሶሊኒን አምኖና አክብሮ የገባ ነበረ። ብዙው ሰው ደግሞ ልጆቹ የአባታቸውን ቋንቋ እንዲማሩ፥ በበጋም ወደ ኢጣልያ የባሕር ዳርቻ በነጻ እንዲወሰዱ፥ እርሱም በዕረፍቱ ቀን ከአገሩ ልጆች ጋር እንዲጫወት ብሎ ስሙን አስጻፈ።

ሙሶሊኒን የሚቃወሙም ነበሩ። ዴቾ አንዛኒ የሚባለው ልብስ ሰፊ በለንደን 30 ዓመት ያህል የኖረ፥ ለሰው መብት የቆመ የኢጣልያውያን ማኅበር ጸሐፊ ነበር። ሲልቪዮ ኮርዮ የሚባለው ጋዜጠኛ ደግሞ የሲልቪያ ፓንክኸርስት የኑሮ ጓደኛ ነበር፤ ስለ ኢትዮጵያ ነጻነት ከ1936 ጀምሮ ይታተም የነበረውን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ በማዘጋጀት ረድቶአታል። እንግዲህ በለንደን ከነበሩት ኢጣልያውያን መካከል ለእኛ ነጻነት የደከመ እንደ ነበረ ልብ በሉ።

3. ጁን 10 ቀን 1940 (ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም.)

በዚህ ቀን ወደ ማታ ሙሶሊኒ በሮማ ከቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ቆሞ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ማወጁን ነገረ። በዚያው ሌሊት በለንደን፥ በኤዲንበርግ፥ በግላስጎው፥ በሊቨርፑልና በካርዲፍ ሰዎች ተሰብስበው የኢጣልያውያንን ሱቆች መስታወት በድንጋይ ሰባበሩ፤ ዕቃውንም ዘረፉ። ትናንት ከዚያ ሱቅ አይስክሬም ይገዛ የነበረው ጎረምሳ ዛሬ ድንጋይ ወርዋሪ ሆነ። ሱቃቸው ከተሰበረባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ልጆቻቸው በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ወታደሮች ነበሩ።

መንግሥቱም በዚያው ሌሊት ፖሊሶችን ላከ። ትእዛዙ ዕድሜው ከ16 እስከ 70 ዓመት የሆነና በብሪታንያ ከ20 ዓመት በታች የተቀመጠ የኢጣልያ ወንድ ሁሉ ይያዝ የሚል ነበር። ከዚህም በላይ የጸጥታው መሥሪያ ቤት አስቀድሞ የ1,500 ያህል ሰዎችን ስም «አደገኞች» ብሎ መዝግቦ ነበርና፥ እነዚያ ስንት ዓመት ቢቀመጡም እንዲያዙ ታዘዘ። በድምሩ ከ4,000 በላይ ሰዎች ተያዙ።

ለፍርድ ትክክል እንድንሆን የመንግሥቱንም ምክንያት መናገር ይገባናል። በዚያ ወር የጀርመን ጦር ሆላንድንና ቤልጅግን ይዞ በፈረንሳይ ላይ እየገሰገሰ ነበር፤ ፓሪስም ጁን 14 ቀን ተያዘች። የእንግሊዝ ጦር መሣሪያውን ጥሎ ከደንከርክ በመርከብ ከወጣ ገና ሳምንት አልሞላውም ነበር። ሕዝቡ «በመካከላችን ሆኖ ለጠላት በር የሚከፍት አለ» እያለ ይፈራ ነበር። ፍርሃቱ እንግዲህ ያለ ምክንያት አልነበረም። ጥፋቱ ግን ፍርሃት በምርመራ ስፍራ ተተክቶ ዳኛ መሆኑ ነው። አባቶቻችን «በደረቅ ጦስ እርጥብ ይነዳል» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

4. የግዞቱ ኑሮ

የተያዙት ሰዎች ፍርድ ቤት አልቀረቡም፤ የተከሰሱበትም ነገር አልተነገራቸውም። ብዙዎቹ በመጀመሪያ በላንክሻየር አውራጃ፥ በበሪ ከተማ፥ ዋርዝ ሚልስ ወደ ተባለ የተተወ የጥጥ ፋብሪካ ተወሰዱ። የጣራው መስታወት የተሰበረ፥ ወለሉ በዘይት የረከሰ፥ አይጥ የሚርመሰመስበት፥ ዙሪያውም በእሾሃማ ሽቦ የታጠረ ነበር።

ከዚያም አብዛኛዎቹ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል በባሕር ውስጥ ወዳለችው ማን ወደምትባለው ደሴት ተላኩ። በዚያች ደሴት በዳግላስ ከተማ በባሕሩ ዳር የተሠሩት የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች በሽቦ ታጥረው የግዞት ሰፈር ሆኑ። ቻርልስ ፎርቴም ከሕፃንነቱ ጀምሮ በብሪታንያ ያደገ ቢሆን፥ በዜግነቱ ኢጣልያዊ ነው ተብሎ ወደዚህች ደሴት ተጋዘ።

በብሪታንያ ምድር የተወለዱትም አልዳኑም። ኤድዋርዶ ፓውሎዚ በ1924 በኤዲንበርግ ወደብ በሊዝ የተወለደ የአይስክሬም ሻጭ ልጅ ነበር። የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ተይዞ በኤዲንበርግ በሳውተን ወህኒ ቤት ሦስት ወር ያህል ታሰረ። አባቱ፥ አያቱና አጎቱም በዚያው ጊዜ ተያዙ።

ሚስቶቹ ምን ሆኑ? አንዳንዶቹ በተሰበረው መስኮት ላይ ሳንቃ መትተው ሱቁን ብቻቸውን ያዙ። አንዳንዶቹም ከባሕር ዳርቻ ራቁ ተብለው ከቤታቸው እንዲወጡ ታዘዙ። ባሎቻቸው የት እንዳሉ ለብዙ ሳምንት ሳያውቁ የቀሩ ነበሩ። ሰው ሲጋዝ የሚጋዘው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ሁሉ በያለበት ይጋዛል።

5. አራንዶራ ስታር የተባለችው መርከብ

መንግሥቱ ግዞተኞቹን በሙሉ በአገር ውስጥ ማስቀመጥ ያሰጋል ብሎ ከእነርሱ ብዙዎቹን ወደ ካናዳና ወደ አውስትራልያ ለመላክ ቈረጠ። አራንዶራ ስታር አስቀድሞ ሀብታሞችን ለሽርሽር የምታመላልስ መርከብ ነበረች። ጁላይ 1 ቀን 1940 ከሊቨርፑል ተነሥታ ወደ ካናዳ ጉዞ ጀመረች። በላይዋ 734 የኢጣልያ ግዞተኞች፥ ብዙ የጀርመንና የኦስትርያ ሰዎች፥ ጠባቂ ወታደሮችና መርከበኞች ነበሩ። ቀለምዋ እንደ ጦር መርከብ ግራጫ ነበረ፤ እስረኞችን መጫንዋን የሚያሳይ ምንም ምልክት አልነበረባትም። በላይኛው ወለልዋ ላይ እሾሃማ ሽቦ ተዘርግቶ ነበር። የነፍስ ማዳኛ ጀልባዎቹም ለተጫነው ሰው ሁሉ የሚበቁ አልነበሩም።

በማግሥቱ ጁላይ 2 ቀን (ሰኔ 25 ቀን 1932 ዓ.ም.) ማለዳ፥ አንዲት የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ከአየርላንድ በስተ ሰሜን ምዕራብ በቶርፒዶ መታቻት። መርከቢቱ ከ40 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሰጠመች። ሽማግሌዎች በሽቦው መካከል መውጫ አጥተው ቀሩ። ከቀትር በኋላ የካናዳ የጦር መርከብ ሴንት ሎረንት ደርሳ ከውሃው ላይ የተረፉትን አነሣች። ከ800 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ከ440 በላይ የሆኑት ኢጣልያውያን ነበሩ።

የፓውሎዚ አባት፥ አያትና አጎት በዚያች መርከብ ጠፉ። ሙሶሊኒን ሲቃወም የኖረው ልብስ ሰፊው አንዛኒም «አደገኛ ፋሽስት» ከተባሉት ጋር በአንድ መርከብ ተጭኖ በአንድ ባሕር ሞተ። ከባርዲ ሰዎች ብቻ ከ40 በላይ የሆኑት ጠፉ። በዚያው ዓመት ኦገስት ወር ሬሳዎች በአየርላንድና በስኮትላንድ ደሴቶች ዳርቻ ተገኙ። የዳርቻው ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ሟቾቹ ከየት እንደ መጡ ሳይጠይቁ በክብር ቀበሩአቸው።

የስም መዝገቡም በጥንቃቄ የተያዘ አልነበረም። የስሞቹ አጻጻፍ የተበላሸ ነበር፤ አንዱ በሌላው ስም የተጫነም ነበር። ስለዚህ ቤተ ሰቦች ማን እንደ ሞተና ማን እንደ ዳነ እርግጡን ለማወቅ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ጸሐፊ የሆነ ሰው ሁሉ ይህን ያስታውስ፤ የአንድ ፊደል ስሕተት ለአንዲት እናት የወራት ልቅሶ ሊሆን ይችላል።

ከሞት ያመለጡትም ዕረፍት አላገኙም። ከእነርሱ 200 የሚሆኑ ኢጣልያውያን ልብሳቸው በቅጡ ሳይደርቅ ጁላይ 10 ቀን ዱኔራ በምትባል ሌላ መርከብ ተጭነው ወደ አውስትራልያ ተላኩ። በመንገድ ጠባቂዎቹ ዕቃቸውን ዘረፉአቸው። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1940 በሜልበርን ወርደው ታቱራ ወደሚባለው የግዞት ሰፈር ተወሰዱ።

6. ምርመራውና መመለሱ

አሁን የዚህ ታሪክ ሁለተኛ ፊት ይጀምራል። የአራንዶራ ስታር መርዶ በተሰማ ጊዜ በእንግሊዝ ፓርላማ ውስጥ አንዳንድ ሰዎች ተነሥተው «ወዳጅና ጠላት ሳይለይ የታሰረው በምን ሕግ ነው?» ብለው ጠየቁ። ጁላይ 10 ቀን 1940 በምክር ቤቱ ረጅም ክርክር ተደረገ። በዚያ ቀን ስለ ግዞተኞች አጥብቀው ከተከራከሩት አንዲቱ ኤልኖር ራትቦን የተባሉት የምክር ቤት አባል ነበሩ። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ጠላት በባሕሩ ማዶ ቆሞ ሳለ ነው። «ጦርነቱ እስኪያልቅ ዝም እንበል» አላሉም።

በዚያው ወር መጨረሻ ሊፈቱ የሚገባቸውን ሰዎች ዓይነት የሚዘረዝር የመንግሥት ጽሑፍ ወጣ፤ ይህም ቈይቶ ለኢጣልያውያን ተስፋፋ። በሮማ የእንግሊዝ አምባሳደር የነበሩት ሰር ፐርሲ ሎሬን የኢጣልያውያንን ጉዳይ አንድ በአንድ የሚመረምር ጉባኤ ሊቀ መንበር ሆኑ። ስለ መርከቢቱ ጉዳይም ሎርድ ስኔል እንዲመረምሩ ታዘዙ። ከዚህ ምርመራ በኋላ፥ ብዙው ሰው «አደገኛ» የተባለው ስሙ በፋሽስት ማኅበር መዝገብ ላይ ስለ ተገኘ ብቻ እንደ ሆነ ታወቀ። ሰውየው ምን ሠራ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ቻርልስ ፎርቴ ሦስት ወር ያህል ታስሮ ከደሴቲቱ ተፈታ። ከተፈታም በኋላ የምግብ ሚኒስቴር ስለ ምግብ አከፋፈል ምክር ከሚጠይቃቸው ሰዎች ጋር ተቈጠረ። በበጋው ለአገር ያሰጋል የተባለው ሰው፥ ሥራው በታየ ጊዜ አገር የሚመገብበትን ነገር የሚመክር ሆነ። ከጦርነቱም በኋላ ሥራው ሰፍቶ ብዙ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች አቆመ። በ1955 በለንደን ሂዝሮው የአውሮፕላን ጣቢያ የመጀመሪያውን የመንገደኞች ምግብ ቤት ከፈተ። በ1970 «ሰር»፥ በ1982 «ሎርድ» የሚል ማዕርግ ተሰጠው። በ2007 በ98 ዓመቱ ሞተ። ያ ሕፃን የተወለደባት መንደርም ሞንፎርቴ ተብላ ተጠራች።

ወጣቱ ፓውሎዚ ደግሞ ከወህኒ ወጥቶ የቅርጻ ቅርጽ ሊቅ ሆነ፤ በ1989 «ሰር» ተባለ። ባሰረችው በኤዲንበርግ ከተማ አደባባይ ላይ የሠራቸው ታላላቅ የነሐስ ምስሎች ተተክለዋል።

ነገር ግን የመመለስ ታሪክ ሁሉ እንዲህ ያማረ አይደለም። ኢጣልያ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1943 (ጳጉሜን 3 ቀን 1935 ዓ.ም.) እጅዋን መስጠትዋ ከተነገረ በኋላ እንኳ በግዞት የቈዩ ነበሩ። ከአውስትራልያ የተመለሰው ሰው ሕፃን ትቶት የሄደው ልጁ አድጎ፥ ሱቁ በሌላ እጅ ገብቶ፥ ጎረቤቱ ዓይኑን ለማየት አፍሮ አገኘው። ብዙዎች ስለ ነገሩ ለልጆቻቸው ሳይናገሩ ሞቱ። አንዳንዶችም ስማቸውን ወደ እንግሊዝ ስም ለወጡ፤ ቋንቋቸውንም ከቤት ውጭ መናገር ተዉ። ከግዞት ሰፈር መመለስ በአንድ ቀን ይሆናል፤ ከእፍረትና ከጥርጣሬ መመለስ ግን ዕድሜ ይፈጃል።

7. ጥፋትን ማመን

በመጨረሻ መታሰቢያዎች ተሠሩ። በባርዲ መቃብር ለሞቱት ጸሎት ቤት ቆመ። በሊቨርፑል በ2008፥ በካርዲፍ በ2010 የመታሰቢያ ጽሑፍ ተተከለ። በግላስጎው በ2011 የወይራ ዛፍ ያለበት የመታሰቢያ የአትክልት ስፍራ ተከፈተ።

በካናዳም 600 ያህል የኢጣልያ ተወላጆች ተግዘው ነበር፤ ከእነርሱ አንድም በወንጀል የተፈረደበት አልነበረም። ሜይ 27 ቀን 2021 (ግንቦት 19 ቀን 2013 ዓ.ም.) የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ በፓርላማ ቆመው በመንግሥቱ ስም ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታው ከ80 ዓመት በኋላ የመጣ ስለ ሆነ ከተጋዙት መካከል የሰማው የለም ማለት ይቻላል። ቢሆንም የልጅ ልጆቻቸው ሰሙት። የዘገየ እውነት ከቀረ እውነት ይሻላል።

8. ይህ ለኢትዮጵያዊ ምን ያስተምረዋል?

አሁን ወደ አንባቢው ጥያቄ እንመለስ።

ግዞት ምን እንደ ሆነ አያቶቻችን ከማንም በላይ ያውቁታል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፥ ፋሽስቶች ሦስት ቀን ሙሉ ሕዝቡን ጨፈጨፉ። ከዚያም 400 ያህል መኳንንትና ወይዛዝርት ከነልጆቻቸው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ፤ ብዙዎቹም በአሲናራ ደሴት ታሰሩ። ሌሎች ብዙዎች ወደ ሶማልያ ወደ ዳናኔ፥ ወደ ቀይ ባሕርም ወደ ኖክራ ደሴት ተልከው በረኀብና በበሽታ አለቁ። እነዚያ ሰዎች ቦምቡን ጣሉ ተብሎ አልተመረመሩም፤ የተጋዙት በማንነታቸው ነበር። እንግዲህ ያንን ግፍ «ግፍ ነው» የምንል ሰዎች፥ ግፉ የሚጠላው በራሱ ነው ወይስ በእኛ ላይ ስለ ተሠራ ብቻ ነው? የመጀመሪያውን ካልን ሚዛናችን ለማንም ሰው አንድ መሆን አለበት።

ደግሞም የእኛና የእነዚያ መጻተኞች ታሪክ በአንድ ቀን ተገናኝቶአል። ሙሶሊኒ ጦርነት ባወጀባት ቀን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእንግሊዝ አገር ስደተኛ ነበሩ፤ በባዝ ከተማ አራት ዓመት ያህል ተቀምጠዋል። አዋጁ ኢጣልያን የእንግሊዝ ጠላት ስላደረገ ለእርሳቸው የመመለሻ በር ተከፈተ፤ በዚያው በጁን ወር መጨረሻ በአውሮፕላን ወደ ግብጽ፥ ከዚያም ወደ ሱዳን ሄዱ። በዚያው አገር፥ በዚያው ወር፥ አንዱ ስደተኛ ወደ አገሩ ሲነሣ ሌላው መጻተኛ ከቤቱ ወደ ወህኒ ተወሰደ።

ግርማዊነታቸው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ በከተማው ገና ብዙ ሺህ የኢጣልያ ወንዶች፥ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሕዝቡም ቂሙ ትኩስ፥ መሣሪያው በእጁ ነበር። በዚያ ቀን ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ክፉውን በክፉ እንዳይመልስ፥ ጠላት እንዳደረገው በግፍ እጁን እንዳያረክስ አዘዙ። ሕዝቡም በጠቅላላው ታዘዘ። ከኢጣልያውያንም አንዳንድ የእጅ ባለ ሙያዎች በአገራችን ቀርተው ሠርተው ኖሩ።

እንግሊዝ ባለ ብዙ ሕግና ባለ ፓርላማ አገር ሆና ሳለ በፍርሃት ቀን ሳትመረምር አሰረች፤ በኋላም መርምራ ፈታች። የእኛ ሕዝብ ግፉ በገዛ ቤቱ ደርሶበት ሳለ እጁን ሰበሰበ። ይህን የምንጽፈው ለመመካት አይደለም፤ አባቶቻችን በከባዱ ቀን ያደረጉትን እኛ በቀላሉ ቀን ብንተወው እንዳናፍር ነው።

9. ለመምህራንና ለሽማግሌዎች ምክር

አንደኛ፤ ከመፍረድ በፊት መመርመር ይገባል። አባቶች «ሳያጣሩ ወሬ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ብለዋል። የሰው ስም በመዝገብ ላይ ወይም በሰው አፍ ላይ ስለ ተገኘ ብቻ ወንጀለኛ አይሆንም።

ሁለተኛ፤ ጥፋት የሠሪው ነው እንጂ የዘመድ አይደለም። አንድ ልጅ በአባቱ ወይም በወገኑ ስም ሲሰደብ መምህሩ በሰማ ጊዜ ሳይውል ሳያድር ይከልክል። ዛሬ የተወረወረው ስድብ ነገ ድንጋይ ይሆናልና።

ሦስተኛ፤ ፍርዱ የተሳሳተ እንደ ሆነ ስሕተቱን በአደባባይ ማመን ለዳኛ ክብር እንጂ ውርደት አይደለም። ጥፋቱን የሸሸገ ዳኛ ሁለት ጊዜ ይበድላል።

10. ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

ሀ. ኢጣልያውያን ከመንደሮቻቸው የተሰደዱት ስለ ምንድር ነው? በብሪታንያስ በምን ሥራ ኖሩ?
ለ. በጁን 1940 ሰዎቹ የተያዙት ምን ሠርተው ነው? የመንግሥቱ ፍርሃት ምክንያቱ ምን ነበር?
ሐ. ልብስ ሰፊው አንዛኒና ቻርልስ ፎርቴ በአንድ ትእዛዝ ተይዘው ዕድላቸው የተለያየው እንዴት ነው?
መ. በአየርላንድና በስኮትላንድ ዳርቻ የነበሩት ገበሬዎች ሬሳዎቹን ያለ ጥያቄ መቅበራቸው ምን ያስተምረናል?
ሠ. በመንደርህ ከሌላ ስፍራ መጥቶ የተቀመጠ ሰው አለን? ወገኑ ክፉ ቢሠራ አንተ ለሽማግሌዎች ምን ትላለህ?

የመጨረሻውን ጥያቄ መምህሩ አይመልስ፤ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ይዘውት ሄደው ከአባትና ከእናታቸው ጋር ተነጋግረው በማግሥቱ ይመልሱ።